ሾሎ (ፀጉር አልባው የሜክሲኮ ውሻ)፦ ቆዳው፣ ጥርሱ፣ ብርዱ። ጥያቄ ያላችሁ እዚህ

#1 ጓሮ_በር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሾሎ የሚጠየቀው በየውይይቱ ተበታትኖ ስላስቸገረ አንድ ቦታ እንሰብስበው። ሙሉ ስሙ ሾሎይትስኩዊንትሊ ነው፤ ምላስ እንዳይተሳሰር ሾሎ እያልን እንቀጥል።

አገሩ ሜክሲኮ ነው። በምዕራብ ሜክሲኮ ኮሊማ በሚባለው ግዛት ከጥንት መቃብሮች የወጡት ድብልብል የሸክላ ውሾች ዕድሜያቸው ወደ 2000 ዓመት ይጠጋል፤ ሾሎን ያሳያሉ የሚባሉትም እነሱ ናቸው። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ግን ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ከገጠር መንደሮች እየተፈለገ ተሰብስቦ እንደገና ተራባ፣ በ1956 ሜክሲኮ ውስጥ እውቅና አገኘ። የአሜሪካው ኬነል ክለብ በ1959 ከመዝገቡ ሰርዞት በ2011 መልሶታል። ብርቅ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

በመጠን ሦስት ነው። ትከሻው ላይ ሲለካ ትንሹ ከ25 እስከ 35 ሴ.ሜ.፣ መካከለኛው ከ36 እስከ 45፣ ትልቁ ከ46 እስከ 60። አንዱን ከሌላው የሚለየው ቁመት ብቻ ነው፤ እንክብካቤው አንድ ነው። ልዩነት ካለ ትንሹ ብርድ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ዋናው። ሾሎ ፀጉሩ የረገፈበት ውሻ አይደለም። ፎክስ አይ 3 የሚባለው ዘረ መል ላይ 7 የዲኤንኤ ፊደል ተደግሞ ይገኛል። ይህ ዘረ መል ፅንሱ ውስጥ ፀጉርንም ጥርስንም በሚያበጀው የውጭ ሽፋን ላይ ስለሚሠራ፣ ፀጉር የሌለው ሾሎ ጥርሱም ይጎድላል። ዳርዊን እንኳ በ1859 ፀጉር የሌላቸው ውሾች ጥርሳቸው ጎዶሎ እንደሆነ ጽፏል። ምክንያቱ በዘረ መል ደረጃ የታወቀው ግን በ2008 ነው። ያው ለውጥ በፔሩው ፀጉር አልባ ውሻና በቻይኒዝ ክሬስትድም ላይ ስላለ፣ እዚህ የሚጻፈው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል። የአሜሪካው ፀጉር አልባ ቴሪየር ብቻ ይለያል፤ የእሱ ዘረ መል ሌላ ነው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው።

ስለ ሙቀቱ፦ ሲነኩት ይፋጃል። ትኩሳት አይደለም። የሰውነቱ ሙቀት እንደ ማንኛውም ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ በእጃችንና በቆዳው መካከል የሚገባ ፀጉር ስለሌለ ሙቀቱ በቀጥታ ይሰማናል። ያ ማለት ያንኑ ሙቀት ቀን ከሌት ወደ ውጭ እያባከነ ነው ማለት ነው። ታሞ እንደሆነ ለማወቅ በእጅ መዳሰስ ስለማይጠቅም ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ይኑር።

አስተጣጠቡ፦ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ ሾሎ በ2 ወይም በ3 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው የውሻ ሻምፖ። የሰው ሻምፖ አሲድነቱ ለእኛ ቆዳ የተመጠነ ስለሆነ የውሻን ቆዳ ያደርቃል። በእጅ ወይም በስስ የጥጥ ጨርቅ ይታሻል፤ ሻካራ ማሻሻ አይነካውም። እጅ ላይ የሚያዳልጥ ነገር እስኪጠፋ ድረስ ይለቅለቅ፤ ከሻምፖ በኋላ የሚመጣው ማሳከክ ብዙውን ጊዜ ካልተለቀለቀ ሻምፖ ነው። ፎጣውን ሳትፈትጉ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁ። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ሽታና ላኖሊን (የበግ ሱፍ ቅባት) የሌለው ስስ ማለስለሻ ቀቡት፤ ለመካከለኛ ውሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሙሉ ገላው ይበቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስትዳስሱት እጃችሁ ከወዛ አብዝታችኋል።

ደግሜ የምለው፦ የዚህ ውሻ የቆዳ ችግር በአብዛኛው የሚመጣው ቅባት በማብዛት ነው፤ በማሳነስ የሚመጣው ትንሽ ነው።

#2 ሚጣ_ቦሌ

ጓሮ በር እግዜር ይስጥልኝ። 9 ወር የሞላው ሾሎ አገጩና ጀርባው ላይ ጥቁር ነጥብ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቀይ ብጉር አውጥቷል። አያከውም። ጎረቤት ሁሉ «ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ ቆዳው ደርቆ ነው» ይለኛል። ቅቤው ይሁን ወይስ ሌላ መላ አለ?

#3 ዶክተር_መዥገር

እህት ሚጣ፣ ቅቤውን ለዶሮ ወጡ አቆይው።

በ9 ወሩ ብጉር ማውጣቱ የጉርምስና ነገር ነው። ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 1 ዓመት ተኩል ድረስ ይታያል። ፀጉር ባይበቅልም የወዝ እጢዎቹ አሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወዙን ይዞ የሚወጣ ፀጉር ስለሌለ ወዝና የሞተ ቆዳ እዚያው ተጠቅጥቆ ይደፈናል። ላይኛው አየር ሲነካው ይጠቁራል። ጥቁር ነጥቡ ያ ነው፤ ቆሻሻ ስላልሆነ በመፈተግ አይለቅም።

ቅቤ ይህንኑ ጉድጓድ ይደፍናል። ቆዳው ላይ ሲቆይ ይሻግታል፣ ውሻው ደግሞ ይልሰዋል። ብዙ ቅባት ባንዴ የላሰ ውሻ ቢያንስ ያስቀምጠዋል፣ ሲከፋም ጨጓራው አጠገብ ያለው ቆሽት ይቆጣል። ቫዝሊንና የኮኮናት ዘይትም ለብጉር ጊዜ ከቅቤ አይሻሉም።

የምታደርጊው ይህን ነው። ከእንስሳት ፋርማሲ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ) ያለበት ሻምፖ ግዢ፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይሁን። በሳምንት 2 ጊዜ ለ3 ሳምንት እጠቢው። ትልቁ ቁም ነገር ጊዜው ነው፦ አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት። ወዲያው ካለቀለቅሽው መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው። እንዳይበርደው ክፍሉን አስቀድመሽ አሙቂ፤ ሰዓት ተመልከቺ፣ በግምት አይሆንም። ዓይኑና ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ። ሲሻለው በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ወደ ተለመደው እጥበት።

ጥቁር ነጥቡ ጥቅጥቅ ብሎ ከበዛ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት የውሻ ሻምፖ አለ፣ 2.5 በመቶ። ጉድጓዱን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ግን ክፉኛ ያደርቃል፣ ፎጣም ያነጣል። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይነካ። ለሰው ፊት የሚሸጠውን 10 በመቶ አትጠቀሚ፣ ያቃጥለዋል።

በጥፍር ማፍረጥ የለም። ይዘቱ ወደ ውስጥ ይፈነዳና ብጉሩ እብጠት ይሆናል፣ ጠባሳውም ይቀራል።

አገጩ ላይ ብቻ ከበዛ የሚበላበትን ሳህን ተመልከቺ። ፕላስቲክ ሲጫጫር ባክቴሪያ ያቁራል። በብረት ወይም በሸክላ ቀይሪው፣ በየቀኑም ይታጠብ።

መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ሲነካ ካመመው ወይም ማከክ ከጀመረ ሐኪም ጋ ይሂድ፤ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቤት የተረፈ የሰው አሞክሳሲሊን መስጠት አይሆንም። በውሻ ቆዳ ላይ የተለመደው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊንን ይቋቋማል።

#4 ሰሜን_ብርድ

በጓሮ በር አንድ ነገር አልስማማም። በ3 ሳምንት አንዴ ማጠብ ለቤት ውስጥ ውሻ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ሹራብ ለብሶ የሚውል ሾሎ ግን ወዙ በልብሱ ሥር ይታፈናል። እዚህ ሚኒያፖሊስ ከኅዳር እስከ መጋቢት ልብስ አይወልቅም፤ በሳምንት አንዴ ካልታጠበ ብብቱና ደረቱ ላይ ሽፍታ ያወጣል።

#5 ጓሮ_በር

ተቀብያለሁ፣ ግን በየሳምንቱ ሻምፖ ከማድረግ በፊት ልብሱን በየሳምንቱ ማጠብ ይቅደም። ልብሱ ያለ ማለስለሻ ፈሳሽና ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፣ 2 ጊዜ ይለቅለቅ። ሁለት ቅያሪ ይኑረው። ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ከተኛ ልብሱን አውልቁለት፣ ቆዳው ይተንፍስ።

አዲስ አበባ ላሉ፦ በበጋው አቧራ ቆዳው ላይ ሲጋገር ሻምፖ አያስፈልገውም። በለብታ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቃችሁ ማታ ማታ ጥረጉት፣ ያ ይበቃዋል።

#6 ሚጣ_ቦሌ

ዶክተር፣ ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ፤ ሳህኑ ለካ ፕላስቲክ ነበር። አሁን ደግሞ የቤቱ ሽማግሌዎች «ውሻ ቤት አይገባም፣ ደጅ ይደር» ብለዋል። ግቢው ጠባቂ አለው፣ የውሻ ቤትም ተሠርቷል። ይቻላል?

#7 ሰሜን_ብርድ

አይቻልም። ይህ በምርጫ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሰው «የሜክሲኮ ውሻ» ሲባል ሙቅ አገር ይመስለዋል። ሜክሲኮ ሲቲ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች። ሁለቱም ጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሾሎ የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይህ ለባለ ፀጉር ውሻ ምንም አይደል፤ ሾሎ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ከቀጠለ ይከሳል፣ ቡችላና አሮጌ ከሆነም ሙቀቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ሽማግሌዎቹን ማስማማት ከተፈለገ ማጀት ወይም ኮሪደር ላይ መኝታ ይበጅለት። መኝታው ከወለል ከፍ ያለ፣ ጠርዝ ያለው፣ ሊገባበት የሚችል ብርድ ልብስ ያለው ይሁን። ሾሎ ልብስ ሥር ሰርስሮ መግባት ይወዳል። ሱፍ አይሁን፤ ብዙዎቹን ያሳክካቸዋል። ጥጥ ወይም ፍሊስ ይሻላል።

ለውጭ እኔ የማምንበት መለኪያ ይኸውና። ከ15 ዲግሪ በታች ትንሹና መካከለኛው ሹራብ ይልበሱ። ከ10 በታች ትልቁም ይልበስ። ከ5 በታች ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከላይ ይደረብ። ከ0 በታች ከ10 ደቂቃ በላይ አይወጣም፣ ጆሮውም ይሸፈን፤ ውርጭ መጀመሪያ የሚይዘው የጆሮውን ጫፍ ነው። ልብሱ ብብቱን እንዳይከረክር ስፌቱ በውጭ በኩል ቢሆን ይመረጣል። አንገቱ ረጅም ስለሆነ ለሌላ ውሻ የተሰፋ ሹራብ አንገቱ ጋ ያጥራል፤ አንገትጌው ረጅም የሆነውን ፈልጉ። መንገድ ላይ ጨው የሚነሰንስ አገር ያላችሁ፣ ቤት እንደገባችሁ መዳፉንና በጣቶቹ መሀል ያለውን ቆዳ በለብታ ውሃ እጠቡ።

ሌላ የማይታሰብ አደጋ አለ፦ ሙቀት ፈልጎ ምድጃና ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ይለጠፋል። ፀጉር የሚለበለብ ሽታ ስለሌለ ሳይታወቅ ይቃጠላል። የምግብ ከሰል ጎንም አይጠጋ። ማሞቂያው ፊት 1 ሜትር የሚያርቅ መከለያ ይቁም።

#8 ዶክተር_መዥገር

ሰሜን ብርድ ያለውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። የምጨምረው አንድ ነው። አንቀጥቅጦት ሲያበቃ ፈዞ ከተኛና ሙቀቱ ከ37 በታች ከሆነ በደረቅ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የለብታ ውሃ ጠርሙስ ብብቱ ላይ አድርጎ ወደ ሐኪም። የፈላ ውሃ ጠርሙስ በቀጥታ ቆዳው ላይ አታድርጉ።

#9 የኔታ_ቡችላ

ስለ ፀሐይስ? ልጄ የሕፃን ፀሐይ መከላከያ ልቀባው አለችኝ፤ ለሕፃን የሚሆን ለውሻ አይሆንም?

#10 ጓሮ_በር

የኔታ፣ እንዳትቀባው ይንገሯት። የሕፃን ቅባቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሕፃን ገላውን አይልስም፣ ውሻ ይልሳል። ዚንክ ሲጠራቀም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ሳሊሲሌት ያለባቸውም አይሆኑም፤ አስፒሪንም ከዚያው ወገን ነው። ለውሻ የተሠራ፣ ዚንክ የሌለው፣ ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ መጠኑ) 30 የሆነ ካገኙ ከመውጣቱ 20 ደቂቃ በፊት ይቀቡት፣ እስኪደርቅ እንዳይልሰው ያዙት።

ከቅባት ይልቅ እኔ የማምነው ልብስንና ሰዓትን ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከቤት አይውጣ፤ ከወጣም ስስ የጥጥ ቲሸርት ይልበስ። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ደመና ቢኖርም ቆዳ ይነካል።

የቆዳው ቀለም ወሳኝ ነው። ጥቁርና የነሐስ ቀለም ያለው ሾሎ ቀስ በቀስ ከፀሐይ ጋር ከተዋወቀ ይችለዋል፤ በ10 ደቂቃ ጀምሮ በሳምንታት መጨመር ነው። ሮዝ ነጠብጣብ ያለበት ቦታ ግን መቼም አይለመድም፣ ይቃጠላል፣ ዓመታት ሲያልፉ ወደ ካንሰር የሚሄድም አለ። የማይድን፣ ቅርፊት የሚይዝ ቦታ ካያችሁ አታቆዩት። አዲስ ጭረትም ከዳነ በኋላ ሮዝ ሆኖ ይቆያል፤ ቀለሙ እስኪመለስ ከፀሐይ ይሸፈን።

#11 ዲራ_ቤት

ከዱባይ ነኝ። በበጋ ከቤት ማውጣት የማይታሰብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኤሲ ውስጥ ነው። ቆዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት ይላጣል። ዶክተር ምን ይላሉ?

#12 ዶክተር_መዥገር

ኤሲው 2 ጥፋት እያጠፋ ነው፤ አየሩን ያደርቃል፣ ያበርዳልም። 18 ዲግሪ ለእናንተ ደስ ይላል፣ ለእሱ ብርድ ነው። ወደ 24 ወይም 25 ከፍ አድርጉት፣ መኝታውም የኤሲው ነፋስ በቀጥታ የማያገኘው ጥግ ይሁን። አየር ማርጠቢያ ካለ የክፍሉ እርጥበት 40 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ሻምፖውን አራርቁ፤ በ3 ወይም 4 ሳምንት አንዴ። ማለስለሻው ግሊሰሪን ያለበት ይሁን፣ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በስሱ።

የተላጠው ቦታ ክብ ከሆነ ወይም ቀይ ጠርዝ ካለው ድርቀት ላይሆን ይችላል፤ ጭርት ነው ወይ ብሎ ማስመርመር ያሻል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

ማለዳ ስታወጡት አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ 7 ሰከንድ ንኩት። እናንተ ካልቻላችሁት የእሱ መዳፍም አይችለውም።

#13 የኔታ_ቡችላ

የቡችላው ጥርስ ነገር አሳስቦናል። 5 ወር ሊሞላው ነው፤ ፊት ለፊት ጥቂት፣ ጎኑ ላይ ባዶ ድድ። ሻጩ አታለለን ይሆን?

#14 ዶክተር_መዥገር

አላታለላችሁም። እንዲያውም ጥርሱ ሙሉ የሆነ ፀጉር አልባ ሾሎ ነው የሚያጠራጥረኝ።

አዋቂ ውሻ 42 ጥርስ ሊኖረው ይገባል። በሾሎ ላይ ከክራንቻው ጀርባ ያሉት ትናንሽ መንጋጋዎች አብዛኞቹ ወይም ሁሉም ይጎድላሉ። ክራንቻው ካለም እንደ ሾጣጣ ሆኖ ወደ ፊት ያዘነብላል። ሥሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይነቃነቃል። ይህ ሁሉ የዘሩ ጠባይ ነው፣ በውድድርም አያስቀጣውም። ጥርሱ ጥቂት በመሆኑ ምላሱ በጎን ተንጠልጥሎ የሚታየውም አለ።

አሁን ግን ልታዩት የሚገባ አለ። ከ4 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ የወተት ጥርስ ሳይወድቅ አዲሱ ጎኑ ከበቀለ በመካከላቸው ምግብ ይበሰብሳል። ከ7 ወር በኋላ ካልወደቀ በሐኪም ይነቀላል። ሁለተኛ፣ ባዶ የሆነ ድድ ሁልጊዜ ባዶ አይደለም፤ ጥርሱ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። የተቀበረ ጥርስ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እየሠራ መንጋጋውን ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ለማምከን ወይም ለሌላ ጉዳይ ማደንዘዣ ሲሰጠው በዚያው አጋጣሚ የመንጋጋ ራጅ ይነሳ።

በየቀኑ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽና በውሻ የጥርስ ሳሙና ይቦረሽ። የሰው ሳሙና አይሆንም፤ ዛይሊቶል ያለበት ከሆነ ደግሞ የደም ስኳሩን ባንዴ ጥሎ ይገድላል። ደረቅ ምግቡን በለብታ ውሃ 10 ደቂቃ ማራስ ነው። ቀንድ፣ የበሰለ አጥንትና ጠንካራ ማኘኪያ አትስጡት፤ ያለችውን ጥርስ ይሰብሩበታል።

ስለ ምግብ ካነሳን የወጥ ትራፊ ለማንኛውም ውሻ አይሆንም። ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ በስሎም ቢሆን ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። እንጀራ ባዶውን ትንሽ ቢቀምስ ግን አይጎዳውም። በብርድ ወራት ሰውነቱን ለማሞቅ ብዙ ስለሚያቃጥል ምግቡ ከፍ ይበል፤ የጎድን አጥንቱ ቆዳው ላይ በግልጽ ስለሚታይ ሚዛን ሳያስፈልግ መክሳቱን ታውቃላችሁ።

#15 ሚጣ_ቦሌ

መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «እከክ የያዘው ውሻ» እያለ ይሸሸናል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ «ፀጉር አልባ ብርቅዬ» እየተባለ የሚሸጥ አይቻለሁ፣ አንዳንዱ እውነትም እከክ ይመስላል። እንዴት ነው የሚለየው?

#16 ጓሮ_በር

እከክ የያዘው ውሻ እንቅልፍ እስኪያጣ ያካል። ጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቅርፊት አለ፣ ፀጉሩ እዚህም እዚያም ቀርቶ ተመልምሏል፣ ቆዳው ይሸታል። ጤነኛ ሾሎ ቆዳው ለስላሳና ሽታ የሌለው ነው፤ ፀጉር ካለው አናቱ፣ ጣቶቹና የጅራቱ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ አፉን ክፈቱ። 42 ጥርስ ከቆጠራችሁ ውሻው ምናልባት ወይ ተላጭቷል ወይ ታሟል። ማጭበርበሪያው ፀጉር ማስለቀቂያ ክሬምም ሊሆን ይችላል፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ገላው ሲሻክር ይታወቃል።

ሌላው የሻጮች ተረት «ባለ ፀጉር ወንድምና እህቱን አጋብታችሁ ፀጉር አልባ ታገኛላችሁ» የሚለው ነው። ሾሎ ባለ ፀጉርም ይወለዳል፣ ጥርሱም ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ሾሎም ነው። ነገር ግን ለውጡን አልወረሰም። ባለ ፀጉር ከባለ ፀጉር ምንጊዜም ባለ ፀጉር ነው። ፀጉር አልባ ከባለ ፀጉር ቢዳቀል በአማካይ ግማሽ በግማሽ። ፀጉር አልባ ከፀጉር አልባ ቢዳቀል ከ4 ፅንስ አንዱ ለውጡን ከሁለቱም ወገን ይወርስና ማሕፀን ውስጥ ይጠፋል። በሕይወት ከሚወለዱት 3 ሁለቱ ፀጉር አልባ፣ አንዱ ባለ ፀጉር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ፀጉር አልባ ማድረግ የቡችላውን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ትርፍ የለውም። አስተዋይ አርቢ ባለ ፀጉሩን አይጥልም።

#17 የኔታ_ቡችላ

በድሮ የፈረንጅ ጽሑፍ «የአቢሲኒያ ሳንድ ቴሪየር» የሚል ፀጉር አልባ ውሻ አነበብኩ። የእኛ አገር ነው ማለት ነው?

#18 ጓሮ_በር

የኔታ፣ ስሙ አለ፣ ዘሩ የለም። አውሮፓውያን ስለ አፍሪካ ፀጉር አልባ ውሻ ሲጽፉ እንዲህ ያለ ስም ይሰጡት ነበር። እንግሊዝ ትሪንግ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ከአፍሪካ የመጣ የተባለ አንድ ፀጉር አልባ ውሻ ቆዳው ተሞልቶ ቆሟል። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ግን እንዲህ የሚባል ዘር አልመዘገበም። በዚህ ስም ቡችላ የሚሸጥ ካለ ገንዘብዎን ይያዙ።

#19 ሰሜን_ብርድ

አለርጂ ስላለብኝ ሾሎ ልያዝ የምትሉ፣ ሳትገዙ ይህን አንብቡ። አለርጂውን የሚቀሰቅሱት ፕሮቲኖች በምራቁ፣ በሚረግፈው ቆዳውና በሽንቱ ውስጥ ነው ያሉት። ፀጉር ስለማይራገፍ ቤት ውስጥ የሚበተነው ሊቀንስ ይችላል፤ ምራቁ ግን ያው ነው። አስም ያለበት ሰው ከአርቢው ቤት ሄዶ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጥ፣ ክንዱን ይላሰው፣ በሌላ ቀን ይደግም።

ጠባዩንም በአጭሩ፦ አጥር ይዘላል፣ ይወጣልም። ለትልቁ ከ1.8 ሜትር ያነሰ አጥር ጌጥ ነው። እንግዳ ላይ ቁጥብ ነው፤ እስከ 14 ሳምንቱ ድረስ ብዙ ሰውና ድምፅ ካላየ ፈሪ ሆኖ ያድጋል። በጩኸት አይሠለጥንም፣ ያኮርፋል።

#20 ሚጣ_ቦሌ

ዶክተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ልናመክነው ቀጠሮ ይዘናል። «ይህ ዘር ማደንዘዣ አይችልም» ይባላል፤ እውነት ነው? መዥገርም ልጠይቅዎ፣ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ይሆነዋል?

#21 ዶክተር_መዥገር

ማደንዘዣ ይችላል። የሚያሰጋው ብርዱ ነው። ማንኛውም ውሻ በማደንዘዣ ሥር ሙቀት ያጣል፤ ይህ ደግሞ ሲጀምርም የሚከልለው ፀጉር የለውም። ሙቀቱ ሲወርድ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም፣ ሲነቃም ይዘገያል፤ «አይችልም» የሚለው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ለሐኪሙ አስቀድመሽ ይህን ንገሪ፦ ጠረጴዛው ላይ ማሞቂያ ይዘርጋ፣ ማሞቂያውና ቆዳው መካከል ጨርቅ ይግባ፣ የሚሰጠው ግሉኮስ ወይም ሳላይን ይሙቅ፣ አልኮል ገላው ላይ አይብዛ፣ ሙቀቱ በየ10 ደቂቃ ይለካ፣ ከነቃም በኋላ 38 እስኪደርስ ከማሞቂያው አይነሳ። ትንፋሽ ቱቦ ሲያስገቡ የሚነቃነቅ ጥርስ እንዳለው ይወቁ። ቁስሉ ላይ ጠንካራ ፕላስተር አይለጠፍ፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። መላጨቱ ብቻ ነው የሚቀርለት።

ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው አንዳንዱን ሾሎ ያቃጥለዋል። ከሰጠሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት በምትውይበት ቀን ስጪ፣ በ2 ነጥብ ከፍለሽ፣ ከመታጠቡ 2 ቀን ርቀሽ። ቀይ ከሆነ በሻምፖ አጥበሽ አቁሚ። ቤት ውስጥ ድመት ካለ ፐርሜትሪን ያለበትን ፈጽሞ አታስገቢ፤ ድመቷን ይገድላል። በአፍ የሚሰጠው ክኒን ለቆዳው ይቀላል፣ መጠኑም በክብደት ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትስጪው። መዥገር ፀጉር ስለሌለ ዓይን ስለሚገባ፣ ማታ ስትጠርጊው ጆሮው ውስጥ፣ ጣቶቹ መሀልና ጅራቱ ሥር ተመልከቺ። በጉጠት ከቆዳው ጋ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው፤ ጋዝ አታፍስሺበት። የጆሮውንም ነገር በዚያው፦ የሚያግድ ፀጉር ስለሌለ አቧራ ይገባል፣ በሳምንት አንዴ በውሻ ጆሮ ማጠቢያ የራሰ ጥጥ በጣትሽ ጠቅልለሽ ጣትሽ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ጥረጊ። የጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አይገባም።

ቀጠሮው ጠዋት እንዲሆን ጠይቂ፤ ማታ ከመድረሱ በፊት ሙቀቱ ተመልሶ ወደ ቤት እንዲሄድ።